ምን ትበላለህ ብለውኝ ነበር

እግሬ መታመሙን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ባናው ነው። ከበግ ጠጉር ፈትል ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የምሸምን ሰው ነኝ። ሥራችን ለሚያየው የእጅ ይመስላል እንጂ የእግር ነው። የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ትልና ሁለቱን መርገጫዎች በየተራ ትረግጣለህ፤ በአንዱ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያውን ትሰዳለህ፣ በሌላው ይለዋወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላስበው ያደረግሁትን ነገር ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ እግሬ ረሳው። ቀኙን ልርገጥ ስል ግራውም አብሮ ይወርዳል። አንስቼ ልመልሰው ስል ደርቆ ይቀራል። ባናው ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት ጥቁር መስመር ተንሻፈፈ። ወንድሜ እሸቴ አጠገቤ ካለው ጉድጓድ አንገቱን አስግጎ አየና «ጋሼ፣ ዛሬስ ከጠላ ቤት ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ደምሰው እባላለሁ። ትውልዴ አንኮበር ገጠር ነው፤ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ግን ከግማሽ ዕድሜዬ በላይ ሆኖኛል። የምኖረው ጠባሴ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤትና ሁለት የሽመና ጉድጓድ ባለው ዳስ ነው። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። ልጅ አልሰጠንም። እሸቴን አባታችን ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አምጥቼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጅ የለንም ስል ውሸቴን ነው። ማዘን የሚፈልግ አንባቢ ይዘን፣ አልከለክልም። እኔ ግን ይህን የጻፍኩት ሐኪም ሲጠይቀው ለሚዋሽ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩና።

ከሕመሙ በፊት ያለውን ክረምት ልንገራችሁ። መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ መኪና የሚያልፍበት ቀን ከማያልፍበት አነሰ። እሸቴ ባናውን ተሸክሞ ጣርማ በር ድረስ ወጥቶ በብርዱ ለሚያልፉ ሾፌሮች ይሸጥ ነበር፤ እነሱ ሲጠፉ ባናው ቤት ውስጥ ተከመረ። አተር አልቀመስ አለ። ሐምሌ ላይ አስካለ ገበያ ሄዳ አንድ ጆንያ ጓያ ይዛ መጣች። እየመጣች ሳለ ነጠላዋን ጣል አድርጋበት ነበር፣ ጎረቤት እንዳያይ።

ጓያ ማለት ለማያውቀው አተር የሚመስል፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ጥራጥሬ ነው። ውሃ ቢተኛበትም ዝናብ ቢጠፋም ይበቅላል። ሌላው እህል በከዳ ዓመት እሱ ስለማይከዳ ይረክሳል። ሰው እንደሚሰብርም እናውቃለን፤ «ጓያ ሰበረው» የተባለ ሰው ገጠር ያደገ ሁሉ አይቷል። ግን እኛ ስናድግ የተነገረን የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ተብሎ ነው። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት እግር ከነካ ያልፈሰፍሳል ይባላል። ስለዚህ አስካለ ጥንቃቄዋን አላጓደለችም። ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ትቀቅለዋለች። ክዳኑን ስትከፍት ማንም አጠገቧ አይደርስም። በደንብ ቀዝቅዞ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ምሳ የጓያ ሽሮ፣ ማታም ያው ሽሮ። በፍልሰታ ጾም ከጓያ ሌላ አፌ የገባ ነገር ትዝ አይለኝም። እንፋሎቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስነካችንም።

ጳጉሜን ላይ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። የጥናት ሰው ነኝ፣ የቤተሰብ አመጋገብ እንመዘግባለን አለች። አስካለ የበግ ቆዳውን አንጥፋ አስቀመጠቻት። ልጅቱ ከታብሌቱ እያነበበች፣ ትናንት በዚህ ቤት ወተት ተጠጥቷል ወይ፣ እንቁላል ተበልቷል ወይ፣ ጎመንስ፣ ሥጋስ እያለች ጠየቀች።

«ምን ጠፍቶ!» አለች አስካለ። «ሁሉም አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሽሮው ከምን ነው?»

«ከአተር ነዋ! የሸዋ ልጅ ሆነሽ ሽሮ ከምን እንደሚሠራ ጠፍቶሽ ነው?»

ልጅቱ ሳቀችና ጥራጥሬ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። መጨረሻ ላይ «ሌላ የሚጨምሩት ነገር ካለ» ብላ ጠየቀች፤ የለም አልናት። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ባለቤቴ ቤታችንን እንዳላዋረደች አይቼ ደስ ብሎኛል። ደጃችን የመጣ እንግዳ ፊት ጦማችንን አደርን ይባላል እንዴ? ለማያውቁት ሰው ጓዳ ይከፈታል? እንዲያ ብለን ነው ያደግነው። ልጅቱን በር ድረስ ሸኘናት።

ከዚያ መስከረም መጣና እግሬ መርገጫውን ረሳ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሪህ ነው ተባልኩ፤ መርፌ ተወጋሁ። ጥቅምትን በመርፌው ጠበቅሁ፣ ለውጥ የለም። የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ነርቭ ነው ተባልኩ፤ ደም የመሰለ ቀይ መርፌ አሥር ቀን ወጉኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ወገብህ ወልቋል ብሎ ሁለት ጎረምሶች ጎትተውኝ እንባዬ እስኪወርድ አሸኝ። ማንም ስለምበላው አልጠየቀኝም። እኔም እግሬን አመመኝ ብዬ የሄድኩ ሰው ስለ ሆዴ ምን ልናገር?

የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ወንበር የማያውቅ ደብረ ብርሃን አልኖረም። ብረት ነው። በጠዋት ሲቀመጡበት ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ካርድ ለማውጣት ተሰልፈህ፣ ሐኪም ለማየት ተሰልፈህ፣ ተራህ ሲደርስ ሐኪሙ ስብሰባ ገባ ትባላለህ። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ። ሰዎች በጠዋት ጠጥቶ ነው ብለው ገለል አሉ። ያነሳኝ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነው። ተራውን ለኔ ለቀቀ። ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ ስወጣ ደግሞ በሩ ላይ ጠብቆ ዱላውን ሰጠኝ። «እኔ እንኳ ለልማድ ነው የምይዘው» አለኝ። ለልማድ አልነበረም፤ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ያነክሳል። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ዱላው ዛሬም አለ።

በዚህ መሐል የእሸቴ ጉዳይ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከመዘዞ ወዲህ ጋሽ ግዛው የሚባሉ በግ አርቢ አሉ፤ የጠጉር ደንበኛችን ናቸው። ልጃቸውን ዘነቡን ወደደ። እሷም አልጠላችውም። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ላክን። ጋሽ ግዛው «ለጥምቀት መልስ እሰጣለሁ፣ እስከዚያ ቤታችሁን ልጠይቅ» ብለው መለሱ። መጠየቅ ማለት ማጣራት ነው። ያ ቤት የሚበላው አለው ወይ፣ ልጄ ሄዳ ትራባለች ወይ ማለት ነው። እሸቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሳይቀር ይሸምን ጀመር። እኔ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አቁሜ ነበርና የሁለታችንንም ሥራ እሱ ያዘው።

ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ጉልበቶቼ ይፋተጉ ጀመር። ስሄድ አንዱ እግሬ የሌላውን መንገድ ይዘጋበታል። ተረከዜ መሬት አይነካም፤ በጣቶቼ እየነጠርኩ ነው የምሄደው። ማታ ስተኛ እግሬ በራሱ ጊዜ ይወራጫል፤ አስካለ ተነስታ ትጫነዋለች። እንደዚህ ሆኜ ልሞት ነው ወይስ እንደዚህ ሆኜ ልኖር ነው እያልኩ ፈራሁ፤ ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ትልቅ ነው፣ የሐኪም ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው። ተኝተህ ትታያለህ ተባልኩ።

አልጋ ስለጠበበ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ባለ ስምንት አልጋ ክፍል ነው የሰጡኝ። ዕቃዬን አስቀምጬ ቀና ስል ከጎኔ ባለው አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል፤ አጠገባቸው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ጋሽ ግዛው ናቸው። እናታቸውን ሊያስታምሙ መጥተው ነው። ዓለም ላይ ካለው አስታማሚ ሁሉ እሳቸው።

«ኧረ ደምሰው! ምን ሆነህ ነው?»

«ብርድ ነው ጋሽ ግዛው። ከጉድጓዱ የገባብኝ ብርድ ነው።»

ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ልመስክር። የገና ጾም ቢሆንም ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብለው ለእናታቸው ከመጣው እርጎ ለኔም ይቀዱልኝ ነበር። ግን ዓይናቸው አስካለ በምታመጣው ምሳ ዕቃ ላይ ነበር። አስካለም ስለገባት ለሆስፒታል ጓያ አላመጣችም። ከየት እንደምታመጣው ሳልጠይቅ እንቁላል ፍርፍርና የአተር ሽሮ ትይዝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አለቃው ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። አሥራ አንድ ነበሩ፣ ቆጥሬአቸዋለሁ። «ልብስህን አውልቅ» አለኝ፤ አወለቅሁ። ትንሽ መዶሻ አውጥቶ ከጉልበቴ ሥር መታ አደረገኝ፣ እግሬ ዘሎ ሊመታው ደረሰ። ተማሪዎቹ ሳቁ። «ሁላችሁም ሞክሩ» አላቸው። አሥራ አንዱም ተራ በተራ መቱኝ። እግሬ በየተራው ዘለለላቸው። አንዱ በደንብ አላየሁም ብሎ ደገመ። ቀጥሎ «ተነሥና ሂድ» ተባልኩ። በውስጥ ሱሪ፣ በስምንት አልጋና በስምንት አስታማሚ ፊት፣ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። «እንደገና» አለኝ። ጉልበቶቼ እየተፋተጉ እንደገና ሄድኩ። እነሱ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ስሜን ማንም አልጠራም። ትምህርት መሆኑን አልክድም። ልጆቹ ካላዩ ከየት ይማራሉ? ግን ሰው ላይ ሲማሩ ሰውየው እንደሚሰማ የሚያስተምራቸው አልነበረም።

ምን ሊሆን ይችላል እያለ ጠየቃቸው። ይህም ያም እያሉ መለሱ። ከኋላ የቆመች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣችና ወደኔ ዞረች። ብርቱካን እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት። በአማርኛ፣ በአንቱታ ነበር የጠየቀችኝ።

«አባቴ፣ ጓያ ይበላሉ?»

የጋሽ ግዛው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ። እሸቴን አሰብኩ፣ ጥምቀትን አሰብኩ፣ ነጠላ ጣል የተደረገበትን ጆንያ አሰብኩ። እግሬን አላሰብኩም።

«የኔ እህት፣» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኛ ቤት ጓያ ለበሬ ነው የሚሰጠው።»

በሬ የለኝም። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ጋሽ ግዛውም ሳቁ። አለቃው ሐኪም ወደ ልጅቱ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገራት፤ ቋንቋው ባይገባኝም ጆሮዋ እስኪቀላ እንዳዋረዳት ገብቶኛል። ማስታወሻ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ተመልሳ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ የለሚ ገጠር ልጅ ነኝ» አለችኝ። «አባቴ እንደ እርስዎ ነው የሚሄደው። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው ጓያ የሰበረው። ለማንም አልናገርም፣ እውነቱን ይንገሩኝ።» ጋሽ ግዛው ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግን የተኛ ሰው እንዲያ አይተነፍስም።

«ነገርኩሽ እኮ» አልኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካክላ ሄደች።

አውቄ ሰው ጎዳሁ እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። እንፋሎቱ መች ነክቶን ያውቃል? ውሸቴ ቤቴን እንጂ እግሬን የሚመለከት አልመሰለኝም። እንደዚያ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሷ አባት አካሄድ ይመጣብኝ ነበር።

ኤክስሬይ ተነሳሁ፤ ደምም ተወሰደ። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ማለት ሳንባ ላይ የሚታወቀው ቲቢ የጀርባ አጥንት ገብቶ ነርቭ ሲጫን ነው፣ ተብሎ የብዙ ወር ክኒን ተሰጠኝ። ሽንቴን ቀይ የሚያደርግ ክኒን ነው፤ ሆዴን አቃጠለኝ። በጥምቀት ዋዜማ ወጣሁ። እግሬ አልዳነም፣ ግን አልባሰምም። ክኒኑ ያዘልን ብለን ደስ አለን። ለካ ሆስፒታል ተኝቼ ጓያ ስላልበላሁ ነው።

ጋሽ ግዛው ቃላቸውን ሰጡ። ለሽማግሌዎቹ «አስታማሚ ሆኜ አይቻለሁ፣ የጥጋብ ቤት ነው» አሏቸው። እሸቴ ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ብቻውን ሲዘፍን ሰማሁት፤ ድምፁ መጥፎ ነው።

ቤት ስገባ ለበሽተኛ የሚደረገው ሁሉ ተደረገልኝ። ገበታ ላይ አብረን መብላታችን ቀረ። ለኔ ብቻ በሳህን፣ እንቁላል፣ የአተር ሽሮ፣ ጾም ሲገባም ተልባና ምስር። እሸቴና አስካለ ጓያውን ከትሪው ይበላሉ። የኔን እንቁላል ለመግዛት እነሱ ጓያውን አጥብቀው በሉ ብል ይቀላል። ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን «እንፋሎቱን ተጠንቀቁ» አልኩ። «መች ተዘናግቼ አውቃለሁ» አለች አስካለ። ይኸው ነው የተናገርኩት። ሆስፒታል ውስጥ ልጅቷ ስለ ጓያ ጠይቃኝ እንደነበር ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።

ዓቢይ ጾም ገባ። እሸቴ ቀን ይሸምናል፣ የሸመነውን ተሸክሞ ጣርማ በር ይወጣል፣ አንዳንዴም ቁልቁል ደብረ ሲና ወርዶ ያድራል። ለሠርጉ ነው። መጋቢት ላይ አንድ ከሰዓት ከመኪና ወርዶ ወደ ቤት ሲመጣ እግሩ ከዳው። የኔ ቀስ ብሎ ነበር የመጣው፣ የሱ በአንድ ቀን ነው። ሰው እንዳያየው በሰፈሩ ጓሮ ዞሮ፣ ከአጥሩ ጀምሮ በእጁ እየዳኸ ገባ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ያንተው ነገር ያዘኝ መሰለኝ» አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እዚያው ሆስፒታል ወሰድነው። በሩ ላይ የተቀበለችን ብርቱካን ናት። እሸቴ በጣቶቹ እየነጠረ፣ ጉልበቶቹ እየተፋተጉ፣ በኔና በአስካለ ተደግፎ ሲገባ አየችው። እሱን አልጠየቀችውም። አስካለ እሸቴን አልጋ ላይ እስክታወጣው ጠብቃ ወደኔ መጣች።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«እንበላለን» አልኳት። «ከሐምሌ ጀምሮ።»

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አስቀምጣ አስረዳችኝ። መርዙ እንፋሎቱ ውስጥ አይደለም፣ እህሉ ውስጥ ነው። ቢቀዘቅዝም ቢቆላም የተወሰነው እንጂ ሁሉም አይወጣም። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ትንሽ የበላው ሰው ላይ አይደርስም፣ ወር ከወር ዋና ምግቡ ያደረገውን ግን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደውን ነርቭ ይገድልበታል። ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ፣ ያውም ጉልበቱን በሚያደክም ጎረምሳ ላይ ይበረታል፤ ለምን እንደሆነ በደንብ አልታወቀም አለችኝ። መድኃኒት የለውም። መብላት ሲቆም በሽታው ይቆማል፣ የሞተው ግን አይመለስም።

«ታኅሣሥ ላይ አቁመን ቢሆን ኖሮስ?» አልኳት።

ካርዱን እየጻፈች «ታኅሣሥ ላይ እሱ ይሮጥ ነበር፣ አይደል?» አለች።

በማግሥቱ አለቃው ሐኪም ተማሪዎቹን አምጥቶ ወንድሜ አልጋ ዙሪያ አቆማቸው። ደስ ብሎት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሁነኛ ማሳያ አይገኝም ሲል በአማርኛ ሰምቼዋለሁ። መዶሻዋ ወጣች። የእሸቴ እግር ተራ በተራ ዘለለላቸው። «ተነሥና ሂድ» አሉት። ብርቱካን ብቻ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። የኔን የቲቢ ክኒን ያን ቀን አስቆሙልኝ፤ ይቅርታ ያለኝ የለም፣ እኔም የመጠየቅ መብት አልነበረኝም።

ጋሽ ግዛው ወሬውን ሰሙ። አንድ ሽማግሌ ልከው፣ ልጅቷ ትምህርት ልትቀጥል ስለሆነ ነገሩ ይቆይ አሉ። ዘነቡ ሰኔ ላይ ለሌላ ተዳረች። እሸቴ የሸመነላትን ባና ሸጥነው።

ድኛለሁ ወይ ለምትሉኝ፣ የሚዳነውን ያህል ድኛለሁ። ብርቱካን ባሳየችኝ መሠረት ጠዋት ማታ እግሬን እየሳብኩ እዘረጋለሁ። በአንድ ዱላ እሄዳለሁ፣ በዚያ ሽማግሌ ዱላ። ጉድጓድ ውስጥ እወርዳለሁ፤ ድሮ በሦስት ቀን የምጨርሰውን ባና በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ፣ መስመሩ ትንሽ ይንሻፈፋል። እሸቴ በሁለት ዱላ እስከ በሩ ነው፤ ከዚያ በላይ በእጁ ነው የሚሄደው። ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አይችልም። አጠገቤ ተቀምጦ ፈትል ያጠነጥንልኛል።

እንግዲህ የምላችሁን ልበል። ጓያ ቤታችሁ ካለ እንፋሎቱን ሳይሆን ትሪውን ፍሩ። ሐኪም ምን ትበላለህ ሲላችሁ ጓዳችሁን ክፈቱለት፣ ከእግራችሁ የሚበልጥ ገመና የለም። ለሐኪሞችም አንድ ነገር አለኝ፤ ይህን ጥያቄ ጎረቤት፣ አማች፣ አስታማሚ ባለበት አትጠይቁ። ያቺ ልጅ ከሁሉም ቀድማ አውቃ ነበር። መጋረጃ ጋርዳ ብትጠይቀኝ እውነቱን እነግራት ነበር ብዬ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ባለፈው ጳጉሜን ያቺ ታብሌት የያዘች ልጅ ሁለተኛ ዙር ነው ብላ ተመልሳ መጣች። አስካለ ገበያ ነበረች። ልጅቷ እሸቴን መሬት ላይ ስታየው ደነገጠች፣ ግን ጥያቄዋን ጀመረች። ወተት? እንቁላል? ከኔ በፊት እሸቴ መለሰላት። «ምን ጠፍቶ! ሁሉም አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የለም» አልኩ ከጉድጓዱ። «ወተት የለም። እንቁላልም የለም። ይልቅ ያምናውን አርሚልኝ። አተር ያልንሽ ጓያ ነበር።»

ልጅቷ ታብሌቷን ነካካች። «ያምናው ተልኳል፣ አይታረምም» አለች። ቀጥላ አፍራ «ደግሞ ጓያም ቢሆን ጥራጥሬ ነው፣ ምልክቱ ያው ነው» አለች። እሸቴን ዓይኗን ሰርቃ አየችው። ለመሄድ ስትዘጋጅ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበች፤ ሌላ የሚጨምሩት ነገር ካለ።

አለ አልኳት። ጻፊ አልኳት። ታኅሣሥ ላይ ሆስፒታል ተኝቼ አንዲት ተማሪ ሐኪም ጓያ ትበላለህ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አልበላም ብዬ ዋሸኋት። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ጤነኛ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በላ። እኔ ሳህን ይዤ አየሁት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። የእሸቴ ማጠንጠኛ ቆመ። ዞሬ አላየሁትም፤ ድሩን ነበር የማየው።

ልጅቷ ሄደች። እሸቴ ፈትሉን አንስቶ ማጠንጠኑን ቀጠለ። አስካለ ከገበያ ተመልሳ እራት አቀረበች፤ ትሪውን እንደወትሮው በኔና በሱ መካከል አስቀመጠችው።

«እትዬ አስካለ፣» አላት፣ «የኔን ለብቻ በሳህን አድርጊልኝ።»

ያመመው መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው። ምንም የለውም። ሳህን አመጣችለት፣ ተቀበላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላ። እስከ ዛሬም በሳህን ነው የሚበላው።